ለዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ክር መምረጥና ላባ መያዝ፦ ምኑ ይገዛ፣ ምኑ ከቤት ይገኝ?

በመንጠቆ ላይ ክርና ላባ እየጠመጠመ ነፍሳትን ወይም ትንንሽ ዓሦችን የሚመስል፣ ዝንብ የሚባል ማጥመጃ መሥራት የሚፈልግ የጎንደር ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ ገንዘቡን በምን ላይ ያውል የሚለው ነው። ሞርሳውና መቀሱ አንድ ጊዜ ከተገኙ ለዓመታት ያገለግላሉ፤ ክርና ላባ ግን በየጊዜው የሚያልቁ፣ በየጊዜውም አዲስ ምርጫ የሚጠይቁ ናቸው። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ውድ ስለሆነ ጀማሪው ዐይኑን የሚጥለው በሚያምረው ላባ ላይ ነው፤ ላባውን በብዙ ብር ያስመጣና ክሩን ከልብስ ሰፊ ሱቅ ያሟላል። እኔ ለዓመታት ስሠራ ቆይቼ የደረስኩበት ውሳኔ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ክሩ ይገዛ፣ ላባው ከቤትና ከገበያ ይሰብሰብ። ለምን እንዲህ እንደምል ከዚህ በታች አንዱን ከሌላው ጋር እያነጻጸርኩ አስረዳለሁ።

ከሁሉ በፊት ለየትኛው ዓሣ እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የክሩ ውፍረትም የላባው ዓይነትም የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎርጎራ ስንደርስ በጣና ሐይቅ ላይ የምናገኛቸው ለምግብ የሚፈለጉ ዓሦች በዋናነት ሦስት ወገን ናቸው። ቆሮሶ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በውሃ ውስጥ ከሚንሳፈፉ እጅግ ደቃቅ ዕፅዋት ስለሆነ ለላባ ዝንብ ብዙም አይሳብም። አምባዛ በጨለማና በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ምግቡን በአብዛኛው በሽታና በጢሙ እየዳሰሰ የሚፈልግ በመሆኑ እርሱም የዚህ ሙያ ዋና ዒላማ ሊሆን አይችልም። የቀረው አጥማጆች በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቤኦባርበስ የሚባለው ወገን ነው። ይህ ወገን በጣና ብቻ 15 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ መካከል 8ቱ ሌሎች ትንንሽ ዓሦችን እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣንና የውሃ ውስጥ ዕፅዋትን ጭምር ይመገባሉ። ስለዚህ የጎንደር ሠሪ የሚያስፈልገው ሁለት ዓይነት ዝንብ ነው፤ አንደኛው ትንሽ ዓሣ መስሎ በውሃ ውስጥ የሚዋኝ፣ በቁጥር 4 እስከ 8 መንጠቆ ላይ የሚታሰር ረዥም ዝንብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነፍሳትን የሚመስል፣ በቁጥር 10 እስከ 14 መንጠቆ ላይ የሚታሰር ትንሽ ዝንብ ነው። የመንጠቆ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው እያነሰ እንደሚሄድ አዲስ ገዢ ልብ ይበል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት፣ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ እንደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ለመራባት ይወጣሉ። በወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲገኙ ማጥመድ እጅግ ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ የሚያጠፋውም ያው ነው። ክረምቱ ዝንብ የሚታሰርበት፣ በጋው ዝንቡ ውሃ የሚገባበት ወቅት ቢሆን ይመረጣል።

ክር

ክር ሲመረጥ ከጥንካሬው ይልቅ ቀድሞ መታየት ያለበት ውፍረቱ ነው። ወፍራም ክር በመንጠቆው ዘንግ ላይ ብዙ ቦታ ከያዘ ላባው የሚቀመጥበት ስፍራ ያጣል፣ የዝንቡ ራስ እንደ አተር ያብጣል፣ የመንጠቆው ዐይንም ይደፈንና ሐይቅ ዳር ቆሞ የማጥመጃውን ገመድ በዐይኑ ለማሾለክ መታገል ይመጣል። የክር ውፍረት ከሚገለጽባቸው መንገዶች የተሻለው ዲኒየር የሚባለው ነው፤ ዲኒየር ማለት 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ሲመዘን የሚገኘው ቁጥር ነው። 70 ዲኒየር የሚባለው ክር 9,000 ሜትሩ 70 ግራም ብቻ የሚመዝን ቀጭን ክር ነው። ሌላው መንገድ 6/0፣ 8/0 እየተባለ የሚጻፈው ሲሆን፣ ከመስመሩ በፊት ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ይህ ሁለተኛው አጻጻፍ በአምራቾች ዘንድ ወጥነት የለውም፤ ዳንቪል 6/0 ብሎ የሚሸጠው ክር 70 ዲኒየር ሲሆን ዩኒ 6/0 ብሎ የሚሸጠው 136 ዲኒየር ነው። በአንድ ዓይነት ቁጥር የተሸጡ ሁለት ክሮች በክብደት በእጥፍ ያህል ይለያያሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ለሚልክለት ዘመድ የዲኒየሩን ቁጥር እንጂ 6/0 የሚለውን ብቻ ጽፎ አይስጥ።

እኔ የምከተለው ልክ እንዲህ ነው፤ ለቁጥር 14ና ከዚያ ለሚያንስ መንጠቆ 70 ዲኒየር፣ ከቁጥር 6 እስከ 12 ላለው 140 ዲኒየር፣ ከዚያ ለሚተልቀው 210 ዲኒየር። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው 140ውን ይግዛ፤ ለጣና ነጭ ዓሣ የሚሆኑት ዝንቦች አብዛኞቹ በእርሱ ይሠራሉ።

አሁን ከዚህ ልክ አንጻር የገበያውን ክር እንመልከት። በቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን የፖሊስተር ክር ገልብጠን የጥቅሉን ታች ብናይ ብዙ ጊዜ 40/2 የሚል ጽሑፍ እናገኛለን። የመጀመሪያው ቁጥር የነጠላውን ክር ቅጥነት፣ ሁለተኛው ስንት ነጠላ አብሮ እንደተገመደ ያመለክታል። ይህን ወደ ዲኒየር ለመቀየር 5,315ን ለመጀመሪያው ቁጥር ማካፈልና በሁለተኛው ማባዛት ነው፤ 40/2 ክር በዚህ ስሌት 266 ዲኒየር ገደማ ይሆናል፣ 60/2 ደግሞ 177 ገደማ። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት 40/2 ክር ለእኛ ከትልቁም በላይ ነው፤ 60/2ውም ቢሆን ከ140ው ይወፍራል። በዚያ ላይ የስፌት ክር ከአጫጭር ጭረቶች የተፈተለ በመሆኑ ላዩ ጸጉራም ነው፤ ዝንቡ ላይ ሲጠመጠም ጸጉሩ ከላባው ጋር ይደባለቃል፣ ውሃም ይይዛል።

አንድ ቅዳሜ እዚያው ገበያ ውስጥ ከሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ የቀጠነ አይኖርዎትም?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥቅሉን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ከዚህ ከቀጠነማ ልጄ፣ ምኑን ይሰፋል? ይበጠሳል እኮ» አሉኝ። እርሳቸው ለሙያቸው ትክክል ናቸው፤ ልብስ ላይ እያንዳንዱ ጥልፍልፍ ብቻውን ጉተታውን ይሸከማል። በመንጠቆ ላይ ግን ጉተታው ለ20 እና ለ30 ዙር ይከፋፈላልና ቀጭኑ ክር ብዙ ጊዜ ተጠምጥሞ ከወፍራሙ ጥቂት ዙር የበለጠ ይይዛል። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና ከመሳቢያቸው የጥልፍ መኪና ክር አውጥተው፣ «እንግዲያው ይኸን ሞክረው፤ የቀሚስ ጥልፍ የሚጠለፍበት ነው» ብለው ሰጡኝ። ከገበያ ክር ሁሉ የተሻለውን ያገኘሁት በዚያ ቀን ነው።

የጥልፍ መኪና ክር ብዙውን ጊዜ ሁለት 120 ዲኒየር ክሮች አብረው የተገመዱበት ነው፤ እንዳለ ቢለካ 240 ስለሚሆን ይወፍራል። ነገር ግን ከአጫጭር ጭረት ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ ከሚሄድ ጭረት የተሠራ ነው። አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ፣ ጫፉን በጣት እየፈተሉ ግምዱን ወደ ኋላ ቢመልሱት ሁለት ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ነጠላ ለብቻው 120 ዲኒየር ሆኖ፣ ጠፍጣፋና አንጸባራቂ ሆኖ በመንጠቆው ላይ ይተኛል። የስፌቱን ክር በዚህ መንገድ ለመክፈል የሞከረ ሰው ግን ነጠላው በእጁ ላይ ተንሸራቶ ሲለያይ ያያል፤ አጫጭሩን ጭረት አንድ ላይ የያዘው ግምዱ ብቻ ነበርና።

የጥልፍ ክር ሲገዛ ከምን እንደተሠራ መለየት የግድ ነው። አንዱ ሬዮን ነው፣ ሌላው ፖሊስተር ነው፤ በዐይን ሲታዩ ሁለቱም ያብለጨልጫሉ፣ ቀለማቸውም ይመሳሰላል። ሬዮን በውሃ ሲርስ ከጥንካሬው ትልቅ ክፍል ስለሚያጣ ለማሰሪያነት አይሆንም። ለመለየት ትንሽ ቁራጭ በወረንጦ ይዞ በክብሪት መለኮስ ይበቃል፤ ሬዮን እንደ ወረቀት እየሸተተ ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይኮማተርና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ሬዮኑም ሆነ ለቀሚስ ጥለት የሚውለው ሳባ የዝንቡን ገላ ለመሸፈን ያምራሉና መጣል የለባቸውም፤ ብቻ ማሰሪያው ሌላ ይሁን።

በሸማኔ ቤት የሚገኘው ድርና ማግ ጥጥ ነው። በእንዝርት የተፈተለው ማግ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይና እርጥበት ይዞ ሲቀመጥ ስለሚበሰብስ አያስርም፤ የነፍሳትን እጭ ወፍራም ገላ ለመምሰል ግን ከውጭ ከሚመጣው ማንኛውም ነገር አያንስም፣ ምናልባትም ይበልጣል። ሐር ቀድሞ በአውሮፓ የዚህ ሙያ ዋና ክር ነበረ፤ ሲርስ ቀለሙ የሚጠቁር፣ ከጊዜ ብዛት የሚበሰብስ በመሆኑ ዛሬ በአብዛኛው በናይሎንና በፖሊስተር ተተክቷል።

ለሙያው ተብለው ከሚሠሩት ክሮች መካከል ምርጫው በናይሎንና በፖሊስተር መካከል ነው። ናይሎን ይለጠጣል፤ ሲጎተት ረዝሞ ከተጠመጠመ በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ስለሚሞክር የላባውን አገዳ አጥብቆ ይይዛል። መለጠጡ እጁ ላልለመደ ሰው ማስጠንቀቂያም ይሆነዋል፤ ከመበጠሱ በፊት እየሳሳ መሄዱ በጣት ይታወቃልና። ፖሊስተር ብዙ አይለጠጥም፣ ፀሐይንም ከናይሎን የበለጠ ይቋቋማል፤ ጉተታውን የለመደ ሰው ይወደዋል። ለጀማሪ ናይሎን ይሻላል እላለሁ፣ በዚህ አላመነታም። ከሁለቱ ሌላ እጅግ ጠንካራ የሆነ የፖሊኤቲሊን ክር አለ፤ የአጋዘን ጸጉር አጥብቆ ለሚያስር ሰው ይጠቅማል፣ ለላባ ሥራ ግን የሚያንሸራትት፣ ቀለም የማይዝና ተራ መቀስ የማይቆርጠው ስለሆነ ገንዘብ አይውጣበት።

ጠፍጣፋ ክር ከክብ ክር የሚሻለው የት እንደሆነም መታወቅ አለበት። ጠፍጣፋው እንደ ጥብጣብ ስለሚተኛ ራሱን አያሳብጥም፤ ሲሠራ ግን በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ እየተገመደ ሄዶ ሳናውቀው ክብ ይሆናል። የክር መያዣው በመንጠቆው ላይ ተንጠልጥሎ እያለ፣ ከላይ ሆነን ስናየው ከሰዓት ዘንግ ዙረት በተቃራኒ ብናሽከረክረው ግምዱ ተፈትቶ እንደገና ይጠፈጠፋል፤ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ብናሽከረክረው ደግሞ ይገመድና ላባውን በአንድ ነጥብ ላይ እንደ ሽቦ ይነክሳል። ይህ በቀኝ እጅ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ግራኝ ይገልብጠው። ክሩ የሚያንሸራትት ከሆነ ሰም መቀባት ነው። ለዚህ ከውጭ ሰም ማስመጣት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ በእጃችን ያለው ጧፍ ራሱ በሰም የተነከረ ክር ነው፣ ንጹሕ ሰም ከሆነ በጣት ሞቅ አድርጎ ክሩን በላዩ ማለፍ ይበቃል።

ላባ

ላባን በተመለከተ በእጃችን ያለው ሀብት ትልቅ ነው፤ የሚባክነውም በአንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ነው። ዶሮ ታርዶ የፈላ ውሃ ሲፈስበት ላባው በቀላሉ ይነቀላል፣ ይህ ለወጥ ቤት መልካም ነው። ለዝንብ ግን ላባው ርሶ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከአገዳው ግራና ቀኝ ያሉት ጸጉሮቹ ይጠማዘዛሉ፣ ከደምና ከስብ ጋር ተለውሶም በአንድ ቁና ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ ክምር ውስጥ ታጥቦ የሚወጣው ላባ ደረቁን ከተነቀለው ጋር ሲተያይ የተለየ ዶሮ ላባ ይመስላል።

ስለዚህ ምርጫው ከውሃው በፊት መደረግ አለበት። አንድ የፋሲካ ዋዜማ እናቴ ሽንኩርቱን እያቁላላች፣ ውሃው እየፈላ፣ የታረደው ቀይ አውራ ዶሮ በትሪ ላይ ሳለ፣ «እማዬ፣ ውሃው ሳይፈስበት አምስት ደቂቃ ስጪኝ» አልኳት። «የዶሮ አንገት ላባ ምን ሊሆንህ ነው? በል ቶሎ በል፣ ብልቱን እንዳታበላሽብኝ» አለችኝ። ለዶሮ ወጥ ቆዳው ተገፎ የሚጣል መሆኑ ለእኛ ሙያ ትልቅ ዕድል ነው፤ የአንገቱን ቆዳ በእርዱ በኩል በትንሽ ስለት ወደ ታች ሰንጥቄ፣ ከነላባው እንደ ካልሲ ገልብጬ ስገፈው አንገቱ ራሱ ምንም ሳይነካ ለ12ቱ ብልት ቀረላት። ከኋላው፣ ከወገቡ በላይ ያለውን ረዣዥም ላባ ደግሞ ጥቂት ጥቂት እየያዝኩ ወደ በቀለበት አቅጣጫ ነቀልኩ። ያ አንድ አንገት ከዓመት በላይ አገልግሎኛል፤ ከትንንሾቹ የራስ ጀርባ ላባዎች እስከ ትልልቆቹ የትከሻ ላባዎች በመጠን ተሰልፈው በአንድ ቆዳ ላይ ስለሚገኙ ለመንጠቆው የሚመጥነውን መፈለግ ቀላል ነው።

ከአውራ ዶሮና ከሴት ዶሮ የትኛው ይመረጥ? መልሱ ዝንቡ በውሃው ላይ እንዲንሳፈፍ ወይስ ከውሃው በታች እንዲዋኝ መፈለጋችን ላይ ይመሠረታል። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ጸጉሩ ጠንካራና አንጸባራቂ ነው፤ ዙሪያውን ሲጠመጠም እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ዝንቡን ከውሃው በላይ ያቆመዋል። የሴቷ ላባ ለስላሳና ውሃ የሚስብ ስለሆነ ይሰጥማል፣ በውሃ ውስጥ ሲሳብም ጸጉሩ ወደ ኋላ እየተኛና እየተነሣ ሕይወት ያለው ይመስላል። በጣና የምንፈልገው በአብዛኛው ሁለተኛውን ነው። እንግዲህ ውድ ተብለው በውጭ የሚሸጡት ለተንሳፋፊ ዝንብ ተብለው በምርጫ የተራቡ የአውራ ዶሮ ቆዳዎች መሆናቸውን ስናስብ፣ የጎንደር ሠሪ ለማይጠቀምበት ጥራት እንዳይከፍል መጠንቀቅ አለበት። ለትንሽ ዓሣ አስመሳይ ዝንብ ደግሞ ከወገቡ በላይ ያለው ረዥሙ የአውራ ዶሮ ላባ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ጀርባ ለጀርባ ሲታሰር፣ የሚወዛወዝ ጅራት ይሆናል።

ዕድሜም ይታይ። ገና ያልጎለመሰ ዶሮ ላባው አጭርና ሥሩ ለስላሳ ነው፤ ዓመት የሞላው አውራ ዶሮ ይመረጣል፣ ለበዓል የሚፈለገውም ይኸው ስለሆነ ምርጫችን ከወጥ ቤቱ ጋር አይጋጭም። ወቅቱ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ዶሮ አይታረድምና የፋሲካው፣ የእንቁጣጣሹና የገናው ላባ ለሚቀጥሉት ወራት ጭምር መቀመጥ አለበት።

በቀለም ረገድ የአገራችን ዶሮ የሚሰጠው ምርጫ በየትም ሱቅ የሚገኝ አይመስለኝም። ገበያ ስንወጣ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ብቻ ሳይሆን ገብስማ፣ ቆቅማ፣ ተተርማ፣ ጅግርማ እያልን እንለያለን። ከገብስማዎቹ መካከል ላባቸው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር የሚፈራረቅባቸውን መምረጥ ያዋጣል፤ ያ መስመር በውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ ያለ ስለሚያስመስል በዓለም ዙሪያ ሠሪዎች ግሪዝሊ እያሉ ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ቀለም ነው። ጅግርማው በስሙ እንደሚታወቀው ነጠብጣቡ ጅግራን ይመስላል፤ የጅግራ ላባ በሚጠይቅ የዝንብ ዓይነት ሁሉ እርሱን እተካለሁ፣ የዱር ወፍ መግደልም አያስፈልገኝም። በሐይቁ ዳር የሚገኘውን የዱር ወፍ ላባም አልወስድም፤ አንድ ጊዜ ዋጋ ከተቀመጠለት ነገ ለላባው ሲባል የሚገደል ወፍ ይኖራል።

ነጩ ዶሮ ለሌላ ምክንያት ይፈለጋል፤ ማቅለም ለሚፈልግ ሰው መነሻው እርሱ ነው። ላባ እንደ ሱፍ ከፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ ለሱፍ የሚሆን ቀለም በኮምጣጤ ታግዞ ይይዘዋል፤ ውሃው ይሙቅ እንጂ አይፍላ። ለስፌት ስንደዶ ማቅለሚያ የሚሸጠውን ዱቄት መጠቀም የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ በአንድ ላባ ይሞክር፣ ደርቆም በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ይለቅ እንደሆነ ይይ።

ከውጭ መግዛት የሚገባው ላባ የትኛው ነው ብባል ሁለት ብቻ እጠቅሳለሁ። አንዱ የጣዎስ ላባ ነው፤ ያንን አረንጓዴ ነሐስ የሚመስል ጭረት የሚተካ ከዶሮ አይገኝም፣ ጥቂት ዘለላም ለብዙ ዝንብ ይበቃል። ሌላው ማራቡ የሚባለው ነው። ስሙ የመጣው ሐዋሳ ዳር አባ ኮዳ ከምንለው ወፍ ሲሆን ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው የቱርክ ዶሮ ለስላሳ ላባ ነው፤ በረዥሙ ለሚሠራ ዝንብ ያስፈልጋል። ለአጭሩ ግን ከሴት ዶሮ ጭን አጠገብ የሚገኘው ለስላሳ ላባ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የዳክዬ ላባን ግን እዚህ አልፈዋለሁ።

አያያዝ

ከላባ ሁሉ ፈጽሞ የማይነካው በሽታ የገደለው ዶሮ ላባ ነው። ፈንግል ከገባበት ቤት ላባ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቤት መሄድ በሽታውን ማሻገር ነው፤ ከታረደ ጤነኛ ዶሮም ቢሆን ላባ ከነካን በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ደም የነካው ላባ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሮ ላባውን ከአገዳው ወደ ጫፉ አቅጣጫ ብቻ እየዳበሱ ማጠብ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅና በጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ማስጣት ነው። ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋል። ከነቆዳው የተገፈፈው አንገት ለየት ይላል፤ ከቆዳው ላይ ስቡ በስለት ጀርባ ተፍቆ ይነሣ፣ ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ በካርቶን ላይ ይወጠር፣ ደቃቅ ጨው ይነስነስበትና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ስፍራ እስኪደርቅ ይቆይ። ስቡ ካልተነሣ ከወራት በኋላ ላባው ላይ ዘልቆ ይቀባዋል፣ ነፍሳትንም ይጠራል።

ነፍሳት ዋናው ጠላት ናቸው። ብል አንድ ጊዜ ከገባ ከላባው ላይ ጸጉሩን ብቻ በልቶ ባዶ አገዳ ይተዋል። ላባው ከደረቀ በኋላ በታሸገ ላስቲክ አድርጎ ለጥቂት ቀናት በረዶ በሚሠራው የማቀዝቀዣ ክፍል (ፍሪዘር) ውስጥ ማሳደር፣ አውጥቶ እንደ ክፍሉ ሙቀት እስኪሆን መተውና እንደገና ማቀዝቀዝ ከማንኛውም መርዝ ይሻላል፤ በመሀል ማውጣቱ ከመጀመሪያው ብርድ የተረፈ ዕንቁላል ካለ ተነሥቶ በሁለተኛው እንዲሞት ነው። መብራት ቢቋረጥ ከመጀመሪያው መድገም ነው። ናፍታሊን የሚጠቀም አለ፤ እኔ ትነቱ ለሚተነፍሰው ሰው የማይጠቅም፣ ሽታውም ከላባው የማይለቅ በመሆኑ ተውኩት። የክረምቱ ርጥበት ሻጋታ ስለሚያመጣ ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ላባ በላስቲክ አይታሸግ።

በሻንጣ ውስጥ የተጣመመ ላባ አይጣል። ከሚፈላ ጀበና አፍ በሚወጣ እንፋሎት ላይ አገዳውን በወረንጦ ይዞ ጥቂት ሰከንድ ማዞር ይበቃዋል፤ ጸጉሩ አንድ በአንድ እየተነሣ ወደ ቦታው ሲመለስ በዐይን ይታያል። የበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ላባው እርስ በርሱ እንዲሳሳብና ከጣት ላይ እንዲጣበቅ ያደርገዋል፤ እጅን በትንሹ ማርጠብ ያስታግሰዋል።

ክሩና ላባው ሲገናኙ

ብዙ ዝንብ የሚፈርሰው ክሩ ስለተበጠሰ ሳይሆን የላባው አገዳ ከክሩ ሥር ስለተንሸራተተ ነው። የዶሮ ላባ አገዳ ክብና ለስላሳ በመሆኑ በወፍራም ክብ ክር ሲታሰር ይሽከረከራል፤ ጠፍጣፋ 70 ወይም 140 ዲኒየር ክር ግን በዙሪያው ይጠመዘዝና ይይዘዋል። አገዳው ወፍራም ከሆነ ከመታሰሩ በፊት ጫፉን በወረንጦ ጨፍልቆ ማሳሳት ይረዳል።

ላባውን ለመለካት በመንጠቆው ዘንግ ላይ ማጠፍና ጸጉሩ ከዘንጉ እስከ ጫፉ ድረስ ያለውን ርቀት ማየት ነው፤ ለተንሳፋፊ ዝንብ የጸጉሩ ርዝመት የመንጠቆውን አፍ ስፋት አንድ ተኩል ያህል፣ ለሚሰጥም ዝንብ እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን ይመጥናል። ከሥሩ ያለው ብን ብን የሚል ክፍል ተነቅሎ ይጣል፣ ከዚያም በላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አገዳ ባዶውን ይተው፤ ባዶ ካልተተወ የመጀመሪያው ዙር ላይ ጸጉሩ በየአቅጣጫው ይበተናል። ስናስር በመጀመሪያ ሁለት ዙር ላላ አድርጎ ቦታውን መያዝ፣ ከዚያ ሦስት ዙር ጠበቅ አድርጎ መጎተት፣ ላባውን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ፊት እንዲያርፍ አድርጎ መጠምጠም፣ ጫፉን በሦስት ዙር አስሮ መቁረጥ ነው። ለሚሰጥም ዝንብ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ላባ ይበቃል፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ያበዛዋል፣ የበዛው ላባ ደግሞ ዝንቡን በውሃ ውስጥ እንደ መጥረጊያ ያደርገዋል።

በመጨረሻው ቋጠሮ ላይ የሚፈሰው ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ከሆነ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ብቻ ይሁን። ቀጭን ክር በተጠመጠመበት ራስ ላይ ጠብታው በዙሮቹ መካከል ገብቶ ሲጠፋ ይታያል፤ በስፌት ክር ራስ ላይ ግን ጸጉራሙ ክር ጠብታውን ይመጥጥና ላባው ድረስ ይወስደዋል፣ የደረቀው ላባም ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም።